ዳር ላይ ነን እንጂ ውጭ አይደለንም

ሰሞኑን ስለ ከተማ ዳር ኑሮ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከተማ ዳርቻ ቤት ሠርቶ መግባት ኑሮ አይደለም፤ ኑሮ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። መብራትና ውሃ እንደሌለ ይቆጠራል። ጉርብትና የለም፣ ሁሉም አጥሩን አጥሮ ለብቻው ነው። ከኪራይ የተረፈውን ብር ባጃጅ ይበላዋል። ብርዱና ጭቃው ለልጅ አይሆንም። ሰፈሩ ራሱ የቆመው በገበሬ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው መሀል ከተማ ተከራይቶ ይቀመጥ ይላሉ።

እኔ ደብረ ብርሃን ዳር ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የማኅበር ቤቶች ሰፈር ከሚኖሩት አንዷ ነኝ። ከተነሡት ነጥቦች እውነት የሆኑ አሉ። እንዲያውም ጸሐፊው አለሳልሰው ያለፏቸው አሉ። መደምደሚያቸው ግን ልክ አይደለም።

«ኑሮ አይደለም፣ መጠበቅ ነው» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው በሰፈራችን ሲያልፉ ያዩትን ጽፈዋል፦ ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ፌሮ፣ ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቤት። «ግማሽ ቤት፣ ግማሽ ኑሮ» ብለውታል።

ያቺ ትንሽ ቤት ሰርቪስ ናት። እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ሰርቪሱን ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ መሬት ውስጥ ገብቶ አልቋል። ሰፈራችን ኮትቻ ነው። ጥቁር አፈሩ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ ላይ እንዲሁ ግድግዳ ያቆመ ሰው ብዙም ሳይቆይ ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ያያል። ስለዚህ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይቆፈራል። ጥቁሩ ተጭኖ ይወጣል። ገረገንቲ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። የድንጋይ መሠረቱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። ድንጋይስ አገሩ ሞልቶታል፤ ግን ፈላጩም፣ ጫኚውም፣ ግንበኛውም ይከፈላቸዋል። አላፊ አግዳሚ የሚያየው ግድግዳ ገና ሳይጀመር በመምህር ደመወዝ የሚኖር ሰው አቅሙን ጨርሷል። በተረፈችው ገንዘብ አንድ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ይቆማል። ሊሾው በደንብ ሳይደርቅ ይገባበታል፤ ኪራዩ መቆም አለበትና።

እዚያ ሰርቪስ ውስጥ ሰው ይኖራል። ልጅ ክርስትና ተነሥቶበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተጠንቶበታል። ለቅሶ ተቀምጠውበታል። ዋናው ቤት እስኪያልቅ ብሎ ሕይወቱን ያቆመ ጎረቤት አላውቅም። ጸሐፊው የቤቱን ሁኔታ አይተው ስለ ኑሯችን ፈረዱ።

መብራትና ውሃን በተመለከተ ጠብ የለኝም፤ እውነታቸውን ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል። ያንን ፉጨት የሰማ ይነሣል። ሮቶ ያለው ሮቶውን ይሞላል፣ የሌለው ጀሪካኑን ይደረድራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ደግሞ ከአፈር በላይ በተዘረጋው ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብ አይልም። መብራትም መጀመሪያ የገባልን ከሩቅ ቆጣሪ በተቀጠለ ሽቦ ነው። ምሰሶው ባህር ዛፍ፣ ወጪው የነዋሪው። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ቀይ ክር ብቻ ይሆናል።

ጸሐፊው ያላነሡትን ደግሞ እኔ ልጨምር። ክረምት ሌሊት ላይ አንዲት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ መጥቶ አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ጭቃው አያስገባም። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ በሞባይል መብራት እያበሩላት ወጣች። በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን። ለሚቀጥለው ክረምት ግን የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ያው ነው። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፣ ሊያናድድም ይገባል።

ታዲያ ጸሐፊው ከዚህ ሁሉ ተነሥተው የሚጠይቁት «መጀመሪያውኑ ለምን ሄዳችሁ?» ብለው ነው። ጥያቄው ያረፈው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለጨረታ የሚዘጋጅ ቦታ መሠረታዊ የመሠረተ ልማት አገልግሎት የደረሰው እንዲሆን ይጠይቃል። በማኅበር ተደራጅቶ፣ በዝግ ሒሳብ ቆጥቦ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ዕጣ አውጥቶ ቦታ የተረከበ ሰው ከዚያ ያነሰ የሚገባው በምን ምክንያት ነው? መንገድና ውሃ ቀድሞ ሰው መከተል ነበረበት። እኛ ዘንድ ሰው ቀደመ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣው ነዋሪው አይደለም።

ደግሞስ ሰው ወዴት ይሂድ? በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የደብረ ብርሃን ነዋሪ 38,717 ነበር። በ1999ኙ 65,231 ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ማስተማር የጀመረው ገና በዚያው በ1999 ነው። ከዚያ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ። በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ባለፋብሪካውም ነጋዴውም እዚህ ማረፍ ወደደ። ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ተማሪና ሾፌር መሀል ከተማው ከየት አምጥቶ ክፍል ይሰጠዋል? እኛ ርቆ መኖር አምሮን አልወጣንም። ከተማዋ ሰፋች፣ የሰፋችውም በእኛ ነው። የሥራ ሰዓት ሲደርስ ከዚህ የሚወጣው ሰው ነው ክፍሉን የሚያስተምረው፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሱቁን የሚከፍተው።

ጉርብትና የለም የሚለው ግን አሳዝኖኛል። ምክንያቱም ይህን ለመጻፍ አንድ ቤት ገብቶ ቡና መጠጣት ብቻ ይበቃ ነበር።

በመጀመሪያ አጥሩ። ረጅም የግንብ አጥር የሚታጠረው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ገንዘብ ከተረፈ። እስከዚያው ያለው ቆርቆሮ ወይም የባህር ዛፍ አጣና ነው። ግቢዬ ሆኜ ልብስ ሳሰጣ ማን ቤት እንግዳ እንደገባ ይታየኛል። ማን ቡና እንደቆላ ከሽታው አውቃለሁ። የማንም ልጅ ከወደቀ ቀድሞ የሚያነሣው አጠገቡ የተገኘው ነው።

ዕድራችን እንዴት እንደተመሠረተ ልንገራችሁ። ሰፈሩ ገና ጥቂት ቤት ብቻ ሳለ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ክረምት ነው። ድንኳን የለም፣ አግዳሚ የለም፣ ለለቅሶ የሚበቃ ሳህን የለም። አብዛኞቻችን ዕድራችን የድሮ ሰፈራችን ነው የቀረው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ከተከራይነት ስለወጣን የትም አልነበረንም። ማንም ሳይጠራቸው የመጡት ከማሳው ማዶ ያሉት ገበሬዎች ናቸው። የዕድራቸውን ድንኳን በጋሪ ጭነው መጡ። ካስማው በራሰው ኮትቻ ውስጥ አልይዝ አለ። ቢመቱት ይሰምጣል፣ ሲተዉት ይነቀላል። አንድ አዛውንት ካስማውን ትተው ከቆፈርነው መሠረት ዳር ትልልቅ ድንጋይ አስመጡ። ገመዱን በድንጋዩ ወገብ ጠምጥመው አሰሩት። ድንኳኑ ሦስቱን ቀን ሙሉ ቆሞ ዋለ፣ ቆሞም አደረ። ሴቶቹ ንፍሮና እንጀራ ይዘው መጡ፣ እኛ ወጥ ሠራን። ባና ደርበው ከሐዘንተኛው ጋር ያደሩም ነበሩ። ሟቹን በሕይወት ሳሉ ከሰላምታ በላይ የሚያውቋቸው አይመስለኝም።

በሣልስቱ ድንኳኑ ሳይፈርስ አንድ ሰው የልጁን ደብተር አመጣና ስም መዝገብ ተጀመረ። ዳኛ ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ። ያኔ የተደነገገው ደንብ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ባለቤትም ተከራይም እኩል አባል ነው። ቪላ ያለውም ሰርቪስ ውስጥ ያለውም የሚያዋጣው እኩል ነው። አሁን የራሳችን ድንኳን፣ የራሳችን ብረት ድስት አለን። ከማዶዎቹ ጋርም በለቅሶ እንረዳዳለን፤ የነሱ ሲሆን የኛ ሳህን ይሄዳል፣ የኛ ሲሆን የነሱ ድንኳን ይመጣል።

ጸሐፊው መሀል ከተማ በሞቀ ጉርብትና ውስጥ እንደሚኖሩ ይጽፋሉ። ደስ ይላል። ግን ቤት እየቀያየረ የሚኖር ተከራይ አንዱ ዕድር ላይ ስሙ ሳይደርቅ ወደ ሌላው እንደሚዛወር ያውቁታል። ከኔ ጎረቤቶች ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የዕድር አባል የሆኑት እዚህ ነው።

የባጃጁን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ወጪው እውነት ነው። ከመሸ በኋላ ኮንትራት ካልሆነ ወደኛ የሚገባ የለም፣ ኮንትራቱም ይጎዳል። ነገር ግን ጸሐፊው ያወዳደሩት የዛሬን ኪራይ ከዛሬ ባጃጅ ጋር ነው። ኪራይ ዕድሜ ልክ ይከፈላል፣ በመጨረሻም ለልጅ የሚተርፍ አንድ ብሎኬት የለውም። የባጃጁ ወጪ ግን መንገዱ በተሠራ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት በቀረበ ቁጥር ይቀንሳል። እኛም ሰፈር መዋለ ሕፃናትና ወፍጮ ከተከፈተ ወዲህ ሰው መሀል ከተማ የሚሄደው ለትልልቅ ጉዳይ ነው።

ብርዱስ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ዳር መሀል አይልም። ሜዳ ላይ ስለሆንን ነፋሱ ይበረታብናል፣ እሱን አልክድም። ለዚያ በርኖስ አለ፣ ጋቢ አለ፣ በከሰል የሞቀ ቤት አለ (ከሰሉን ግን ወደ ውጭ ሳታወጡ አትተኙ፤ በየዓመቱ ሰው ይቀጥፋል)። «ለልጅ አይሆንም» የተባለውን ግን አልቀበልም። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት የሚኖረው ዘመዴ ልጆቹን ከወባ ለመጠበቅ አጎበር ሲያንጠለጥል ይከርማል። እኛ ደጋ ነን፣ ያ ሥጋት የለብንም። ልጆቻችን ደግሞ ሜዳ አላቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ፍለጋ መኪና መንገድ ላይ አይወጡም። ጭቃው መፍትሔ አለው፤ ገረገንቲና የውሃ መውረጃ ዲች ነው። የተፈጥሮ እርግማን አስመስሎ መጻፍ መሥራት ያለበትን አካል ነጻ ያወጣዋል።

ሰፈራችንን በጅምላ «የጨረቃ ቤት መንደር» ያሉትም መታረም አለበት። በየከተማው ዳር በሌሊት የሚቆም ቤት አለ። የኛ ግን ካርታ ያለው፣ ፕላን ያለው፣ በማኅበር የተሰጠ ቦታ ነው። በጨረቃ ቤት የሚኖረውም ቢሆን ሰው ነው፤ መሄጃ ስላጣ ነው እንጂ በፍርሃት ማደር ማንንም አያስደስትም።

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደኝ ልምጣ። «ዳር ሰፈር የቆመው በገበሬ እንባ ላይ ነው» ይላሉ። ቤቴ የቆመበት መሬት ገብስና ባቄላ ይበቅልበት ነበር። በክረምት ጓሮዬን ስቆፍር ዛሬም ራሱን ዘርቶ የበቀለ ገብስ አገኛለሁ። ስለዚህ ይህንን ነጥብ በቀላሉ የማልፈው አይደለም።

የካሳው ታሪክ በሕጉ ይታያል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከሦስቱ ያለፉ ዓመታት የተሻለውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። መሻሻል ነው። ነገር ግን ቀድመው የተነሡት በአሥሩ ሒሳብ ነው የሄዱት። አሥርም ይሁን አሥራ አምስት፣ ገብስ ለልጅ ልጅ ይበቅላል፣ ገንዘቡ ግን በአንድ ቀን ተቆጥሮ ይሰጣል። ያኔ ድንኳኑን በድንጋይ ያሰሩልን አዛውንት ካሳቸውን ሲቀበሉ ለወንድ ልጃቸው ባጃጅ ገዙ፣ ለሴቷ ሠርግ ደገሱ፣ ጣሪያቸውን ቀየሩ። ከዚያ ወዲህ ያላቸው ጥቂት በግና አንዲት የወተት ላም ነው። በጎቹ የሚግጡት ገና ባልተሠራባቸው ቦታዎቻችን ላይ ነው፤ ቤት በጨመረ ቁጥር ሣሩ ይቀንሳል። ባለቤታቸው ወተት ያቀብሉናል፣ ኩበትም ይሸጡልናል። እኛ ባንገዛቸው ገቢያቸው ይጠባል። ግን ይህ የማሳውን ያህል ነው ብዬ አልዋሽም።

ከጸሐፊው የምለየው እዚህ ላይ ነው። እንባውን በእኛ ላይ አስመዘገቡት። መሬቱ ለከተማ መስፋፊያ የተከለለው እኛ ዕጣ ሳናወጣ ነው። የተከለለውም ለመኖሪያ ብቻ አይደለም፣ ለመንገድም፣ ለፋብሪካም፣ ለመጋዘንም ነው። አጠገባችን ታጥሮ ዓመታት የተቀመጠ ሰፊ ቦታ አለ። የሚያበቅለው ሣር ነው፣ በጎቹ ግን አይገቡበትም። ስለ ገበሬው መሬት የሚጨነቅ ጽሑፍ መጀመሪያ ያንን አጥር ማንሣት ነበረበት። ቀጥሎ ለምን ወደ ጎን ብቻ እንሠራለን፣ ለምን ፎቅ በጋራ ሠርተን መሬት አንቆጥብም ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ማኅበራችን ሲደራጅ ይህ አማራጭ ቢቀርብልን ከሚስማሙት አንዷ እሆን ነበር።

ጸሐፊው ገበሬውን አነሡ እንጂ አላነጋገሩም። ቢያነጋግሯቸው የሚሰሙት ሌላ ነው። የውሃ መስመሩ ወደ እኛ ሲዘረጋ በእኒህ አዛውንት የድንጋይ ቤት ደጅ ነው ያለፈው። ቅጥያ ግን አልወጣላቸውም፤ ምክንያቱም በአዲሱ ፕላን ግቢያቸው አረንጓዴ ቦታ ተብሏል። ቤቱ አባታቸው የካቡት ነው። ቧንቧው በደጃቸው እያለፈ ልጃገረዶቹ ዛሬም ጀሪካን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ዕድራችን ስለዚህ ጉዳይ አቤቱታ ጽፏል፣ ፈርመናል፣ እኔም ካስገቡት አንዷ ነኝ። መልሱ «ፕላኑ ሲከለስ ይታያል» ነው። የሚጠይቁት ሌላ የከተማ ሰው እንዳይመጣ አይደለም። የኖሩበት ግቢ ካርታ እንዲወጣለት፣ ውሃው እንዲገባላቸው፣ ልጆቻቸው ቦታ ሲታደል ከፊት እንዲሰለፉ ነው። ይህ ደግሞ ዳር ሰፈር መኖሩን ሳይሆን እንዴት እንደሚመራ የሚመለከት ጥያቄ ነው።

ቀሪው የመጨረሻ ምክራቸው ነው፦ መሀል ከተማ ተከራይቶ መቀመጥ። ተከራይቼ ኖሬያለሁና ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ምጣድ የሚጣድበት ቀን በባለቤቱ ይወሰናል። ከመንደር እናት ስትመጣ «ስንት ቀን ትቆያለች?» ይባላል። ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ ጠዋት የቤቱ ባለቤት ፊቷን ታጠቁራለች። ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ደግ ሕግ ነው። ግን አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል ገብቶ ስምንተኛን እስኪጨርስ ስንት ውል ይፈረማል?

ሰፈራችን ውስጥ ዋናውን ቤት ጨርሰው ሰርቪሱን የሚያከራዩ ጎረቤቶች አሉ። ሰርቪሶቹ ባዶ አያድሩም። ተከራዮቹን ከየት መጣችሁ ብትሏቸው አብዛኞቹ መሀል ከተማ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ ናቸው።